አፏን ልፈታ፣ እጇን አሰርኩ

እኔ ሰው ሰላም ሲለኝ ቶሎ አልመልስም። «እንዴት ነሽ?» ይሉኛል፣ ዝም እላለሁ። «ደህና ነሽ ወይ?» ብለው ይደግማሉ፣ አሁንም ዝም። ሰፈርተኛው «ይቺ አሮጊት ኩራተኛ ናት» ይላል አሉ። ይበል! ኩራት አይደለም። «እግዚአብሔር ይመስገን» የምትለዋ ቃል ናት ከአፌ አልወጣ የምትለኝ። ጸሎት ላይ እላታለሁ፣ ለፈጣሪ ምን ቂም አለኝና። ለሰው ሰላምታ መመለሻ ግን አልላትም። ለምን እንደሆነ ለማንም አውርቼ አላውቅም። ዕድሜዬም ስለሄደ አሁን ልናገረው።

ያደግነው ሱሉልታ ነው፣ በጃንሆይ ጊዜ። አባባ ከጎጃም መጥተው ወረዳ ግቢ ጸሐፊ ሆነው የተቀጠሩ ሰው ነበሩ። እማዬ ሁለት ላሞች ነበሯት፤ ታልባለች፣ ትንጣለች፣ ቅቤውን ለአዲስ አበባ ነጋዴዎች ትሸጣለች። ከአጥራችን ማዶ ድርቆሽ እያጨዱ የሚሸጡ አንድ ገበሬ ይኖሩ ነበር። «ኦቦ» ነበር የምንላቸው፤ በስማቸው ጠርቻቸው አላውቅም። እኔ የመጀመሪያ ልጅ ነኝ። ከእኔ በሰባት ዓመት የምታንስ አንዲት እህት ነበረችኝ። በመሐላችን የተወለዱት ሁለቱ አልቆዩም፤ ስለዚህ እሷ ለእማዬ ከሁለት ሞት የተረፈች ልጅ ነበረች።

እህቴ መልኳ የሚያምር፣ ፀጉሯ ዞማ፣ ሰው ፊት የማታይ ልጅ ነበረች። እስከ አራት ዓመቷ ድረስ አፏን አልፈታችም። ስሟን ስንጠራ አትዞርም። ደንቆሮ ናት እንዳንል ደግሞ፣ ኦቦ ከአጥር ማዶ ለከብቶቻቸው አሞሌ ሲሰብሩ ድምፁን ሰምታ ብን ትላለች። የድስት ክዳን መሬት ላይ አሽከርክራ፣ እስኪቆም ተመልክታ፣ ደግሞ ታሽከረክራለች። ያንን ስታደርግ ግማሽ ቀን ይሄዳል። አምስት ዓመት ሲሆናት ቃል መጣ፤ ግን የእሷ ቃል አልነበረም። «ነይ ብዪ» ስንላት «ነይ ብዪ» ትለናለች። «ዝም በዪ!» ስንላት «ዝም በዪ!» ብላ በእኛው ቁጣ ትቆጣናለች። መጀመሪያ ሰሞን ስቀናል። በኋላ መሳቁን ተውነው።

የምትፈልገውን ሁሉ የምትጠይቀው በእጇ ነበር። በእጇ ስል ታመለክታለች ማለቴ አይደለም፤ ማመልከት አታውቅም። የሰውን እጅ ነበር የምትጠቀምበት። አንጓሽን ትይዛለች፣ እየጎተተች ትወስድሻለች፣ መዳፍሽን እንስራው ላይ ታስቀምጠዋለች። ውሃ ጠምቷታል ማለት ነው። በሩ ላይ ካስቀመጠችው ልትወጣ ነው። ሆዷን ሲቆርጣት መዳፌን ወስዳ ሆዷ ላይ ትለጥፈዋለች። ጥርሷን ሲያማት ጉንጯ ላይ። ዓይኔን ግን አታይም፤ የምታየው እጄን ነው። እኔም እንደ ዕቃ የቆጠረችኝ ይመስለኝ ነበር፣ ሞኟ!

ዛሬ እንዲህ ያለ ልጅ «ኦቲዝም» ይባላል። ንግግር የሚያስተምር ባለሙያም አለ ሲሉ በሬዲዮ ሰምቻለሁ። ያኔ የነበረው ስም «ዱዳ» ነው፣ ካልሆነም «የለከፋት»። ስሙ ሁለት ከሆነ መድኃኒቱም ሁለት ነው። ለለከፋት ጠበል ተጠመቀች፤ በሱሉልታ ብርድ፣ በጥር፣ ከንፈሯ እስኪጠቁር። ለዱዳዋ ደግሞ ሰበታ ድረስ ተወስዳ አንድ ወጌሻ ምላሷ ሥር ያለውን ጅማት ቆረጠላት። ደም እየተፋች ተመለሰች። ለስንት ጊዜ ሰው ወደ አፏ ሲጠጋ ትጮኽ እንደነበር እኔ ነኝ የማውቀው፤ የማጎርሳት እኔ ነበርኩና። እማዬ በመጨረሻ ለማርያም ጃንጥላ ተሳለች።

«ነገ እኔ ስሞት ማን ያውቅላታል?» ትል ነበር እማዬ፣ ላሟን እያለበች፣ ፊቷን ወደ ላሟ እንዳዞረች። «ምን እንዳመማት፣ ምን እንዳማራት ለማን ትነግራለች? ዘፈን አላማረኝ፣ ወግ አላማረኝ። ያመማትን ትንገረኝ፣ በቃኝ።» የእማዬ ጭንቀት ይኸው ነበር፤ ከዚህ የዘለለ ከእግዜርም አልጠየቀች።

እህቴ ስድስት ዓመት ሲሞላት አባባ ወረዳ ግቢ አንድ ወሬ ሰሙ። ቡራዩ የእንጨት መሰንጠቂያ ያቆመ ፈረንጅ አለ፤ ሚስቱ በአገሯ የማይናገሩ ልጆች የምታስተምር ነበረች፤ ቢለምኗት ታያለች አሉ። አባባ ፈቃድ ጠይቀው፣ ለሥጋ ወደሙ ቀን ብቻ የሚያወጡትን ኮታቸውን ለብሰው፣ እህቴንና እኔን ይዘው ተነሡ። እኔ የተወሰድኩት እጄን ካልያዘች መኪና ላይ ስለማትቀመጥ ነው። በአውቶቡስ እንጦጦን ወረድን፣ አዲስ አበባን አቋረጥን፣ በአምቦ መንገድ ሌላ መኪና ያዝን። እህቴ መንገዱን ሙሉ ሾፌሩን እየደገመች «ጠጋ በሉ! ጠጋ በሉ!» ስትል ተሳፋሪው በሳቅ ሞተ። አባባ መሬት ብትከፈት በወደዱ።

ፈረንጇ ሸምገል ያለች፣ ቀጭን ሴትዮ ነበረች። አማርኛ አታውቅም፤ ወጥ ቤቷ ናት የምታስተረጉመው። አባባ ወንበር ተሰጣቸው። ሴትዮዋ ግን ጫማዋን አውልቃ ከእህቴ ፊት ለፊት መሬት ላይ ቁጭ አለች። አባባ ደንግጠው ከወንበራቸው ተነሡ፤ የቤቱ እመቤት መሬት ተቀምጣ እሳቸው ወንበር ላይ እንዴት ይሁን? ወጥ ቤቷ «ይቀመጡ፣ ሥራቸው ነው» አለቻቸው። ሴትዮዋ አንድ የቁልፍ ብልቃጥ አምጥታ ዘረገፈችው፤ የሸሚዝ ቁልፍ፣ የካፖርት ቁልፍ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ። እህቴ ወዲያው መደርደር ጀመረች። ሴትዮዋም ትደረድራለች። አንድ ቃል የለም። አባባ ሰዓት ያያሉ።

ከዚያ ሴትዮዋ ቁልፎቹን ሰብስባ ብልቃጡ ውስጥ ከተተችና ክዳኑን ጠበቅ አድርጋ ዘጋችው። አስቀመጠችው። እህቴ ብልቃጡን አየች። ነቀነቀችው። ታገለችው፣ አልከፈት አላት። ከዚያ እንደ ልማዷ የሴትዮዋን አንጓ ያዘችና መዳፏን ክዳኑ ላይ አስቀመጠችው። የሴትዮዋ ፊት በራ። ክዳኑን እየከፈተች አንድ ቃል በቋንቋዋ ተናገረች፣ ወደ አባባም ዞራ ብዙ አወራች።

«ተናገረች እኮ ይላሉ» አለች ወጥ ቤቷ።

«ምን አለች? እኔ አልሰማሁም!» አሉ አባባ።

«በእጇ ነው የተናገረችው ይላሉ። ይህን እጅ እንዳትከለክሏት። በእጇ ስትጠይቃችሁ እናንተ ቃሉን በሉላት፤ ‹ውሃ› በሉ፣ ‹ክፈት› በሉ፣ ‹ያማል› በሉ። አታስገድዷት። ቃሉ ቀስ ብሎ ሊመጣ ይችላል፣ ላይመጣም ይችላል፤ እጇ ግን ይኑር። በየሳምንቱ ያምጧት ይላሉ።»

አባባ እጅ ነሥተው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉ። ሴትዮዋ ብልቃጡን ከነቁልፉ ለእህቴ ሰጠቻት። ከግቢው ወጥተን ጥቂት እንደሄድን አባባ ፈነዱ። «ድንቄም አስተማሪ! ከሱሉልታ ቡራዩ የመጣሁት ልጄ እጅ እንዳላት ሊነገረኝ ነው? እጇንማ አውቀዋለሁ፣ ምላሷን ነው ያጣሁት!» በየሳምንቱ መመላለሱም ለወረዳ ጸሐፊ የሚሆን ነገር አልነበረም። ማታ እማዬ ምን አለች ብላ ስትጠይቅ አባባ «ተዉአት ብላለች» አሉ። እማዬ ሌላ አልጠየቀችም። እኔ ሁሉንም ሰምቼ ነበር፣ ቃል በቃል። ግን ማን ጠየቀኝ? እኔም አላመንኩበት።

ጥቂት ወራት ቆይቶ የእማዬ የማርያም ማኅበር ተራ ደረሰ። የወረዳው ገዢ ባለቤት ሳትቀር መጣች፤ ነጭ በነጭ ለብሳ፣ እጇ ላይ ወርቅ ጥላ። ሴቶቹ ሁሉ ተነሥተው የነጋዴ ሚስት የገበሬ ሚስት ሳይሉ እጅ ሲነሡላት፣ እህቴ ሰተት ብላ ሄዳ ያንን የወርቅ እጅ ጨምድዳ ወደ ዳቦው መጎተት ጀመረች። ሴትዮዋ እጇን መንጭቃ አስለቀቀች። «እንዴ! እንዴት ነሽ የለ፣ እንደምን ዋላችሁ የለ! ምን ዓይነቷ ስድ ናት?» አለች። ከዚያ ከጎኗ ላለችው ሴት፣ ግን ሁሉ እንዲሰማ፣ «አሳዳጊ የበደላት» አለች።

ይህን ቃል እናት ያለው ሰው ያውቀዋል። ልጅቷን አይደለም የሚሰድበው። እማዬ ፈገግ እያለች ጠላ ቀዳች፣ ዳቦ አዞረች። ከዚያ ጓዳ ገብታ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ አለቀሰች። እኔ በመጋረጃው ቀዳዳ አየኋት። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፣ ከክፍሌ አንደኛ የምወጣ፣ አስተማሪ እሆናለሁ የምል። ደሜ ፈላ። «ቆይ ብቻ!» አልኩ ለራሴ። «ያቺ ሴትዮ ተመልሳ ስትመጣ እህቴ ሰላምታ ባትመልስላት ከምላሴ ፀጉር!»

ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይላሉ። እኔ ያቦካሁት ግን ለዕድሜ ልክ በቃ።

ከትምህርት ቤት ስመለስ እህቴን ከቤታችን ጀርባ፣ ድርቆሹ ክምር ሥር አቆማታለሁ። አንድ አርጩሜ አለኝ፣ ከእማዬ ጣሳ የሰረቅኩት ስኳር በወረቀት አለኝ። የእኛ አስተማሪ ክፍል ሲገባ «እጅ ወደ ኋላ!» ነበር የሚለን፤ እጃችንን ከጀርባችን ቆላልፈን ነው የምንመልሰው። እኔም ያንኑ አደረግኩ። «እጅ ወደ ኋላ!» እላታለሁ። «እጅ ወደ ኋላ!» ትለኛለች። እጆቿን ራሴ ወስጄ ከጀርባዋ አቆላልፋቸዋለሁ። አንጓዬን ልትይዝ እጇን ስትልክ በአርጩሜ ቸብ። «በአፍሽ! በእጅሽ አይደለም፣ በአፍሽ!» አልጨከንኩም፤ ቸብ ነው። በቀን ግን ስንት ጊዜ!

«እንዴት ነሽ?» እላታለሁ። «እንዴት ነሽ?» ትላለች። ልቤ እስኪጠፋ። ከዚያ ዘዴ አገኘሁ። ጥያቄውን በሹክሹክታ፣ መልሱን ጮክ አድርጌ እል ጀመር፤ እሷ የምትይዘው ጮክ ያለውን ነውና። ቆይቼ ደግሞ መልሱን ከመሐል መቁረጥ ጀመርኩ። «እግዚአብሔር ይ…» ብዬ እተዋለሁ፣ እሷ «…መስገን» ብላ ትጨርሳለች፣ ስኳር ትልሳለች። ቀጥዬ «እግዚ…» ብቻ። ከዚያ አፌን ብቻ አንቀሳቅሳለሁ። ይህን ማንም አላስተማረኝም፣ ከራሴ ጭንቅላት ነው ያወጣሁት። ብልህ ነበርኩ። ብልህነቴ ነው ያጠፋን።

ኦቦ ከአጥሩ ማዶ ድርቆሽ እየከመሩ ያዩኝ ነበር። እሳቸው እህቴን ምንም ጠይቀዋት አያውቁም። አጥሩን ሾልካ ስትሄድ እጃቸውን ዝርግ ያደርጉላታል፤ ትይዘዋለች፣ ወደ ጥጃው ትወስዳቸዋለች፣ መዳፋቸውን ጥጃው አንገት ላይ ታስቀምጠዋለች፤ እሳቸው «ጀቢ» ይሏታል፣ ጥጃ ማለት ነው በኦሮምኛ። አንድ ቀን እህቴም «ጀቢ» አለች፤ አጥሩ ጋ ቆሜ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጥጃውን እያየች፣ እጃቸውን እንደያዘች፣ ማንም ሳይጠይቃት። አልቆጠርኩትም። ለገዢው ሚስት «ጀቢ» ተብሎ ሰላምታ አይመለስማ!

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ ኦቦ አንድ ቀን፣ ልጄ ሲሉ ነው፣ «እጇን ለምን ትመቻለሽ? እጇ ምን አደረገሽ?»

«እንድትናገር ነው፣ ኦቦ።»

«ትናገር የለም እንዴ?»

«እርሶ ምን ያውቃሉ!» ለማለት ከጅሎኝ ነበር። አላልኩም፤ አንቱ የሚባሉ ሰው ናቸው። በልቤ ግን ብያለሁ።

ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ፈጀብኝ። በገና ሰሞን አንድ ጠዋት አባባ ወደ ሥራ ሊወጡ ሲሉ፣ እንደ ልማዳቸው መልስ ሳይጠብቁ፣ «እንዴት አደርሽ፣ የኔ እናት?» አሏት። እህቴ ቆመች። እጆቿን ከጀርባዋ ቆለፈች። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለች፣ ጥርት አድርጋ።

አባባ በር ላይ ቀሩ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ደግሞ አጠለቁት፣ ደግሞ አወለቁት። ከዚያ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። እማዬ የወተት ቅሏን ጥላ እልል አለች። ጎረቤት ምን ተገኘ ብሎ ግልብጥ ብሎ መጣ፤ እያንዳንዱ «እንዴት ነሽ?» እያለ ጠየቃት፣ ለእያንዳንዱ መለሰች። ጃንጥላው ለማርያም ገባ። የገዢው ሚስት በደጀ ሰላም አግኝታን «ጨዋ ልጅ!» አለቻት። እኔም ኮራሁ። ኧረ ኮራሁ ብቻ? መሬት አልበቃኝም።

እርግጥ ለሁሉም ጥያቄ መልሱ አንድ ነበር። «ራበሽ?» «እግዚአብሔር ይመስገን።» «የት ነበርሽ?» «እግዚአብሔር ይመስገን።» እማዬ አንዳንዴ ትክ ብላ ታያትና «ሌላውስ ቃል?» ትለኛለች። «ይመጣል እማዬ፣ መንገዱ ተከፍቷል» እላታለሁ፣ እንደ ትልቅ ሰው። ሌላ ቃል አልመጣም። «ጀቢ» እንኳ ቀረች። የሰው አንጓ መያዝም ቀረ። ውሃ ሲጠማት እንስራው አጠገብ ሄዳ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ትቆማለች፤ ያየ ሰው ካለ ይቀዳላታል፣ ካላየ ቆማ ትውላለች። ይህንንም ጨዋነት አልነው።

በሚቀጥለው ኅዳር ጉንፋን ያዛት። በኅዳር ሱሉልታ ጉንፋን ያልያዘው ማን አለ? እኛም ተይዘናል። ሁለተኛው ወይ ሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ከትምህርት ቤት መጥቼ ደጃፍ ላይ የሒሳብ የቤት ሥራዬን እየሠራሁ ነው። መጥታ ጉልበቴ አጠገብ ቆመች። ቀና ብዬ አላየኋትም። እጇ ወደ አንጓዬ መጣ፤ ጣቶቿ ነኩኝ፣ ያቃጥላሉ። ከዚያ እኔ ምንም ሳልላት፣ አርጩሜም ሳይኖር፣ ራሷ እጇን መለሰችው። ከጀርባዋ ቆለፈችው። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለች። ማንም አልጠየቃትም ነበር። ትንሽ ቆይታ ደገመችው። «እግዚአብሔር ይመስገን። እግዚአብሔር ይመስገን።»

እኔስ ምን አደረግኩ? ደስ አለኝ! ሳትጠየቅ ተናገረች ብዬ። ተነሥቼ ከእማዬ ጣሳ ስኳር አምጥቼ አጎረስኳት። አንዴ አኝካ ተፋችው። «ስኳር ይተፋል እንዴ፣ ጥጋበኛ!» ብዬ ተቆጣኋት። ማኘክ ጆሮዋን እንደሚያማት ከየት ልወቅ? ይህን የምለው ራሴን ላጽናና ነው። ድሮ ቢሆን መዳፌን ወስዳ ጆሮዋ ላይ ትለጥፈው ነበር፤ አውቅ ነበር።

ያወቁት ኦቦ ናቸው። በማግሥቱ እህቴ አጥሩን ሾልካ ሄዳ፣ ከተኛችው ላም ሆድ ላይ ቀኝ ጆሮዋን ለጥፋ ተጋድማ አገኟት፤ ሙቀቱ አስታግሷት ይሆናል። ሊያነሷት ሲሞክሩ ያንኑ ጆሮዋን መልሳ ትለጥፋለች። ተሸክመዋት መጡ። «ጆሮዋ ነው» አሉ እማዬን። «ከስንት ቀን ጀምሮ ነው?» እማዬ እኔን አየችኝ። እኔ መሬት አየሁ። በማግሥቱ ጠዋት ትራሷ በመግል ርሶ ነበር፤ ሰውነቷ እሳት።

ጤና ጣቢያው ያለው ድሬሰር ወጣት ነበር፣ ደግ ልጅ። እማዬ በጀርባዋ ካዘለቻት አውርዳ አቆመቻት፤ እግሯ ይንቀጠቀጣል። ድሬሰሩ ጎንበስ ብሎ «የት ላይ ነው የሚያምሽ፣ የኔ ቆንጆ?» አላት።

እጆቿን ወደ ኋላ አደረገች። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለች።

ድሬሰሩ ሳቀ። «ይቺማ ጨዋ ናት! ትልቅ ሰው እንኳ እዚህ ሲገባ ያለቅሳል» አለ ለእማዬ። ከዚያ ጆሮዋን በባትሪ አየና ሳቁ ጠፋ። «ይሄ የዛሬ አይደለም። ለምን ቀድማችሁ አላመጣችሁም? አልተናገረችም እንዴ?»

እማዬ አፏን ከፈተች፣ ቃል አልወጣም። ልጅቷማ ትነግረን ነበር፤ እኛ ነን አትንገሪን ያልናት፤ ይህን እንዴት ብላ ትናገር? በዚያች ሰዓት ዱዳዋ እማዬ ነበረች።

መርፌው ሕይወቷን አተረፈላት። ቀኝ ጆሮዋ ጠፋ፣ ግራው ትንሽ ቀረለት። ከዚያ ወዲያ የሰው ቃል መድገሙን ተወች፤ ምን ሰምታ ትድገም? የቀረቻት ያቺ አንዲት ቃል ናት፣ የእኔዋ። የሰው አፍ ወደ እሷ ሲንቀሳቀስ ካየች እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ትላታለች፣ ጮክ ብላ፣ ጆሮ እንደሌለው ሰው።

የአብዬን ወደ እምዬ ማላከክ አልወድም። አባባ የሴትዮዋን ነገር አሳጥረው ቢናገሩም፣ አርጩሜውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሁሉን ለእማዬ ነገርኳት፤ ቡራዩ የተባለውን ሁሉ፣ «እጇ ግን ይኑር» የሚለውን። እማዬ ትመታኛለች ብዬ ነበር፤ ብትመታኝ በወደድኩ። አልመታችኝም። «አንቺም ልጅ ነሽ» አለችኝ። እስከ ዛሬ እንደዚያ የመታኝ የለም።

እጇን ልንመልስ ያልሞከርነው የለም። አርጩሜውን እፊቷ ሰብሬ እሳት ውስጥ ጣልኩት። የቁልፉን ብልቃጥ አውጥቼ፣ ክዳኑን ጠበቅ አድርጌ ዘግቼ እፊቷ አስቀመጥኩ፣ እጄንም አጠገቡ ዘረጋሁ። ብልቃጡን አየችው። እጄን አየችው። እጇን ወደ ኋላ አደረገች። አንጓዬን በግድ ስታስይዛት እማዬ፣ ጣቶቿ እንደ በድን ይንሸራተታሉ። ኦቦ ሳይቀሩ ያንን ሻካራ መዳፋቸውን ዘርግተው አጥሩ ሥር ይቆሙላት ነበር፤ እሷ ታልፋቸዋለች። አባባ ቡራዩ ሮጡ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! መሰንጠቂያው ተሸጧል፣ ፈረንጆቹ አገራቸው ገብተዋል። አባባ ማታ ሲመለሱ ኮታቸውን ሳያወልቁ አልጋ ላይ ተቀመጡ።

እማዬ የሞተችው እህቴ አሥራ ሰባት ዓመት ሲሆናት ነው። ታማ በተኛችበት ወር ቀኝ እጇን ከብርድ ልብሱ ውጭ፣ መዳፉን ወደ ላይ አድርጋ ነበር የምታስቀምጠው። «ይበርድሻል፣ አስገቢው» ስላት «ተይ፣ ምናልባት ብትይዘው» ትለኛለች። እህቴ ከአልጋው አጠገብ ቆማ ትውላለች። እጁ እዚያ አለ፣ እሷ እዚህ አለች። አልያዘችውም።

ለቅሶው ላይ ድንኳን ተጥሎ ሰው ከሱሉልታም ከጫንጮም መጣ። እህቴን ጥቁር አልብሼ አጠገቤ አቆምኳት። ለሦስት ቀን ምንም አልበላችም፤ ወደ ላሞቹ በረት ሄዳ ትመለሳለች፣ እማዬ የምታልብበት በርጩማ አጠገብ ቆማ ትመለሳለች። አንድ ነገር ልትነግረን ነበር። ይህማ እንዴት አይገባኝም! ግን የት ቦታ እንደሚያማት የሚያሳየኝ እጅ የለም።

አንዲት የማናውቃት ሴትዮ ከእንባዋ ጋር መጥታ እፊቷ ጎንበስ አለች። «እናትሽን አጣሽ አይደል፣ ልጄ? ምን ይዋጥሽ? እንዴትስ ትሆኚ?»

እህቴ የሴትዮዋን አፍ አየች። ቀጥ አለች። «እግዚአብሔር ይመስገን!» አለች፣ በዚያ ጮክ ባለ ድምፅ፣ ድንኳኑ ሙሉ እስኪሰማ።

አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፤ ከኋላ በኩል የሳቀም አለ፣ ሰምቻለሁ። ተነሥቼ በጀርባዋ ዞርኩ። እጆቿ እዚያ ነበሩ፣ በልጅነቷ እኔ እንዳቆላለፍኳቸው፣ ጣት በጣት ውስጥ፣ አንጓዎቹ ነጭ እስኪሆኑ ተጨብጠው። አንዷን እንኳ አላቅቄ መዳፏን ልያዝ፣ እፊቴ ላይ ልለጥፈው፣ ወደፈለገችው ቦታ ትጎትተኝ ብዬ ጣቶቿን አንድ በአንድ ልፈታ ታገልኩ። አልፈታ አሉኝ። በደንብ መቆለፋቸውን የምፈትሽ መስሏት ይሆናል፣ ይበልጥ አጠበቀቻቸው።